የዘርፌ ጫጩቶችና ያልተወለደው መታወቂያ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ጎበዝ። ከኋላ ያላችሁም ወደዚህ። ነገሯ አጭር ናት፤ አንድ ሾፌር ምሳውን በልቶ እጁን እስኪታጠብ ድረስ ታልቃለች። ከዚያ ከረዘመች ጥፋቱ የሾፌሩ ነው። ቀስ ብሎ የሚያኝክ ሰው ነበር።

ደጀን ላይ፣ የዓባይን በረሃ የወጣ መኪና ሁሉ ትንፋሹን በሚሰበስብበት ከተማ፣ ዘርፌ የምትባል ሴት ነበረች። ዘርፌ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጫጩት። ቢጫ ቢጫው፣ በካርቶን የሚመጣው፣ የአንድ ቀን ጫጩት። ባሏ ከሞተ ወዲህ መናኸሪያው በር ላይ ቆሎ እየሸጠች ነው የኖረችው። ያንን ቦታ ለሌላ ሴት ለቀቀችና ደጃፏ ላይ፣ በጭቃና በቆርቆሮ፣ በገዛ እጇ የጫጩት ቤት ሠራች። ብዙ ወር ተራ ጠበቀች። በመጨረሻ ተራሽ ደርሷል፣ ነገ ይመጣልሻል ተባለች። ከሰል አቀጣጠለች፣ ቤቱን አሞቀች፣ ሰጋቱራ አነጠፈች፣ ውሃ አስቀመጠች። ሁሉ ነገር አለ፣ ጫጩት ብቻ የለም። ጎረቤት ደግሞ ዝም አይልም፤ ዘርፌ ዶሮ በስልክ አዘዘች ተብሎ ተሳቀባት። አንዷማ ዕንቁላሉንም እዚያው ስልኩ ላይ ጥበሺው ብላታለች።

መኪናው ቀትር ላይ መጣና ምግብ ቤቱ ፊት ቆመ። ሾፌሩ ተመቸ ይባላል። ወረደ፣ ወገቡን አፍታታ፣ ምሳ አዘዘ። ዘርፌ ሮጣ ደረሰችና ጫጩቶቼን አለች።

ተመቸ ሥራው እንዴት እንደሆነ ነገራት። ተራው የደረሰ ሰው ስልኩ ላይ ያለውን የጫጩት አከፋፋዩን ድርጅት አፕ ይከፍታል፤ «ልቀበል» የምትለዋን ይጫናል፤ ኮድ ይወጣል። ተመቸ ኮዱን ያያል፣ ካርቶን ያወርዳል። ኮድ የሌለው ሰው ካርቶን የለውም። ተመቸ ምሳውን በልቶ ሲነሳ ኮድ ካልወጣ ጫጩቶቹ ለሚቀጥለው ተራኛ፣ ለደብረ ማርቆሱ ሰው ይሄዳሉ፣ ዘርፌም ከወረፋው ጭራ ትሰለፋለች።

«እኔ ክፉ ሆኜ አይደለም፣ እትዬ» አላት። «ጫጩት መኪና ላይ ካደረ ሬሳ ነው የማደርሰው።»

እንግዲህ ተመቸ ካርቶን አላወርድም አለ፣ ጫጩቶቹም መኪናው ላይ ተንጫጩ።

ዘርፌ አፑን ከፈተች። አፑ ሆይ፣ ኮድ አሳይ፣ ተመቸ ካርቶን ያውርድ። ተጫነች። አንዲት ክብ ነገር መሽከርከር ጀመረች። ተሽከረከረች፣ ተሽከረከረች፣ እንደ እንዝርት ዞረች። መጨረሻ ላይ ቀይ ጽሑፍ ወጣ፤ መልስ አልመጣም ይላል። መልስ ካልመጣ ኮድ የለም።

አፑ ኮድ አላሳይም አለ፣ ተመቸ ካርቶን አላወርድም አለ፣ ጫጩቶቹም መኪናው ላይ ተንጫጩ።

ምግብ ቤቱ በር ላይ የነበረ ሰው ሁሉ አንድ ላይ ፈረደ። ኔትወርክ ነው አለ። ሀገሩ ላይ የጠፋ ነገር ሁሉ ኔትወርክ ነው የሚያጠፋው፤ እንጀራ ቢሻግትም ኔትወርክ ነው። ዘርፌ ስልኩን ከፍ አደረገች፣ ድንጋይ ላይ ወጣች፣ አጥር ላይ ተንጠላጠለች። የኔትወርኩ ዘንጎች ሙሉ ናቸው፣ አንድም የጎደለ የለ። ያን ዕለት ኔትወርኩ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ፤ ለራሱም ሳይገርመው አይቀርም።

አፑ ላይ ስልክ ቁጥር ነበር። ደወለች። ማህደር የምትባል ልጅ አነሳች፤ አፑን የጻፈችው እሷ ናት፣ አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ተቀምጣለች። ዘርፌ ነገሩን ሁሉ ከነጫጩቶቹ ጩኸት አሰማቻት። ማህደር ቆይ እስቲ ብላ በሷ በኩል አየች። ሰርቨር የሚሉት ትልቅ ኮምፒዩተር አለ፤ የሰዉን ሁሉ ተራ የሚያውቀውና ኮድ የሚሰጠው እሱ ነው። እሱ ደግሞ እንቅልፍ አልወሰደውም፣ አልታመመም፣ ሥራው ላይ ነው። ግን ከደጀን የጠየቀኝ የለም ይላል። ሳይጠየቅ አይመልስም፤ እንደዚህ ያለ ጨዋ ነው።

ሰርቨሩ መልስ አልሰጥም አለ፣ አፑ ኮድ አላሳይም አለ፣ ተመቸ ካርቶን አላወርድም አለ፣ ጫጩቶቹም መኪናው ላይ ተንጫጩ። ተመቸ ደግሞ ሁለተኛውን ጉርሻ ጎረሰ።

ዘርፌ፣ እኔ እኮ ጠይቄያለሁ፣ አውራ ጣቴ እስኪደነዝዝ ጠይቄያለሁ አለች። ታዲያ ጥያቄዬ የት ገባ?

ማህደር አስረዳቻት። አፑ ራሱ እግር የለውም። አፑ ውስጥ ጥያቄ ተሸክሞ ወደ ሰርቨሩ የሚሄድ፣ መልስ ተሸክሞ የሚመለስ ላይብረሪ የሚሉት አለ። ማህደር አልሠራችውም፤ ሌሎች ሠርተውት የአፕ ጸሐፊ ሁሉ ይጠቀምበታል። እሷ መልእክተኛው ነው የምትለው። ወዲያ ሂድ፣ ይህን ጠይቅ፣ ይህን ያህል ጠብቅ ትለዋለች። እሱ ይሄዳል።

«ታዲያ ዛሬ የት ቀረ?» አለች ዘርፌ። «ጠጅ ቤት ገባ?»

«በሩ ድረስስ ሄዷል፣ እትዬ» አለች ማህደር። «በሩ ላይ መታወቂያ አሳየኝ ብሎ ተገትሯል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። መልእክተኛው ዝም ብሎ ለአገኘው ሁሉ ጥያቄ አያስረክብም። አንተ ማነህ ይላል። ሰርቨሩም ሰርተፍኬት የሚሉትን መታወቂያውን ያወጣል። መታወቂያው ከጣመው ጥያቄውን ከኪሱ ያወጣል። ካልጣመው አያወጣም። ዛሬ አልጣመውም።

መልእክተኛው ጥያቄ አላደርስም አለ፣ ሰርቨሩ መልስ አልሰጥም አለ፣ አፑ ኮድ አላሳይም አለ፣ ተመቸ ካርቶን አላወርድም አለ፣ ጫጩቶቹም መኪናው ላይ ተንጫጩ።

ዘርፌ ጓዳ የሌላት ሰው ናት፤ ያሰበችውን ተናገረች። እንዳላየ ሆኖ ይለፍ፣ ዛሬን ብቻ፣ አንቺ ካዘዝሽው አይሰማሽም ወይ አለቻት።

«ይሰማኛል፣ ዓይንህን ጨፍን ብለው ይጨፍናል» አለች ማህደር። «ግን ዓይኑን ጨፍኖ የሚሄድ መልእክተኛ ነገ ለሌባም ያስረክባል። የእርስዎን ስም፣ የእርስዎን ተራ፣ ሁሉንም። አላደርገውም፣ እትዬ።»

ዘርፌ ይህን ስትሰማ ለመልእክተኛው ትንሽ ክብር አደረባት። ተመቸን ዞራ አየችው፤ ትሪው መሃል ላይ ደርሷል። ሁለቱም ያው ናቸው አለች በሆዷ፣ አንዱ ኮድ ካላየ አያወርድ፣ አንዱ መታወቂያ ካላየ አያደርስ። ባልና ሚስት ቢሆኑ ቤታቸው እንዴት ይሞላ ነበር።

ታዲያ መታወቂያው ምን ሆነ? ማህደር አየችው። አዲስ ነው፣ ዘንድሮ የወጣ ነው፣ እንከን የለውም። የሌላው ከተማ ሰው ሁሉ በሱ ጫጩቱን ወስዷል። ጎሐ ጽዮን ላይ ያለችው ሴት እንኳ ጠዋት ወስዳለች። ማህደር ዘርፌን ቀዩን ጽሑፍ ተጭና ከሥሩ ያለውን እንድታነብላት ለመነቻት። ዘርፌ ፊደል እየቆጠረች አነበበችላት። መልእክተኛው ያለው ይሄ ነው፤ ይህ መታወቂያ ቀኑ ገና አልደረሰም።

ማህደር አንዴ ደግማ አስነበበቻት። ከዚያ ቀስ ብላ ጠየቀች።

«እትዬ ዘርፌ፣ ስልክዎ ዛሬ ስንት ዓመተ ምሕረት ነው ይላል?»

«ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት።»

«እሱ እኮ የኛ ነው።»

«የኛ ነዋ። የማን ሊሆን ነበር?»

ማህደር ሳቋን ዋጥ አድርጋ አስረዳቻት። መታወቂያው የተጻፈው በፈረንጁ ቁጥር ነው፣ የወጣው በሁለት ሺህ ሃያ አምስት ነው። መልእክተኛው ቀኑን ከዘርፌ ስልክ ነው የሚጠይቀው። ስልኩ አሥራ ሰባት ነው ካለው፣ የሃያ አምስት መታወቂያ ለሱ ገና ያልተወለደ ልጅ ነው። ያልተወለደ ልጅ ደግሞ ምስክር አይሆንም።

መታወቂያው አልወለድም አለ፣ መልእክተኛው ጥያቄ አላደርስም አለ፣ ሰርቨሩ መልስ አልሰጥም አለ፣ አፑ ኮድ አላሳይም አለ፣ ተመቸ ካርቶን አላወርድም አለ፣ ጫጩቶቹም መኪናው ላይ ተንጫጩ። ተመቸ የትሪውን ዳር ዳር መጥረግ ጀመረ።

ማህደር በጣም ቀላል ነው፣ ቀኑን በራሱ ይስተካከል የምትለዋን ይንኩ አለቻት። ዘርፌ ቦታዋን አገኘቻት። ጣቷን ዘረጋች። ጣቷ አየር ላይ ቆመ።

አልነካውም አለች። አልችልም።

ለምን? ትናንት የሆነ ነገር አለ። ዘርፌ ቤት አማቷ አቶ ይርዳው ይኖራሉ፣ የሟች ባሏ አባት። አቶ ይርዳው በደህናው ጊዜ ቀን አዋቂ ነበሩ። ጾም መቼ ይገባል፣ ፋሲካ መቼ ይውላል፣ የማኅበሩ ድግስ በየትኛው ቀን ይሁን የሚል ሰው እሳቸው ዘንድ ነበር የሚመጣው። በጣታቸው አንጓ ቆጥረው ይነግሩታል። አሁን ሰዉ ስልኩን ነው የሚጠይቀው። እሳቸው ዘንድ የሚመጣ የለም። ትናንት ጫጩቶቹ መቼ እንደሚመጡ ሊያዩ የዘርፌን ስልክ ተቀበሉ፣ ዓመቱ በፈረንጁ መሆኑን አዩ፣ ተቆጡ። ይህ ዕቃ ይዋሻል፣ በሞቴ አስተካክዪው አሏት። በገዛ አውራ ጣቷ አስተካከለች። ከዚያ ደግሞ፣ በሞቴ፣ ከእንግዲህ እንዳትነኪው አሏት። በሞቴ የተባለ ነገር ደግሞ ያለው ሰው ራሱ ካላነሳው ማን ያነሳዋል? አማት ሞቱን ጠርቶ ያሰረውን ምራት በአውራ ጣቷ ልትፈታ ነው?

ቀኑ አልነቃነቅም አለ፣ መታወቂያው አልወለድም አለ፣ መልእክተኛው ጥያቄ አላደርስም አለ፣ ሰርቨሩ መልስ አልሰጥም አለ፣ አፑ ኮድ አላሳይም አለ፣ ተመቸ ካርቶን አላወርድም አለ፣ ጫጩቶቹም መኪናው ላይ ተንጫጩ።

ማህደር ስልኩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ታውቃለች፤ ለበሞቴ ግን መድኃኒት የላትም። ይሩጡ ብቻ አለቻት።

ዘርፌ ነጠላዋን አሸርጣ ሮጠች። ቤቷ ከመንገዱ ጀርባ ነው። አቶ ይርዳው በቤቱ ጀርባ፣ ጥላው ውስጥ፣ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበው ተቀምጠዋል። ዘርፌ እያለከለከች ነገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነገረቻቸው። ተመቸን፣ አፑን፣ ሰርቨሩን፣ መልእክተኛውን፣ መታወቂያውን። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ቀኑ ምን በደለ?» አሉ።

«ቀኑ ትክክል ነው፣ አባባ። ስልኩ ነው የማይገባው።»

«ካልገባው ይማር።»

ዘርፌ ለመነች። ሽማግሌው ጋቢያቸውን አጠበቁ። ከዚያ እውነተኛው ነገር ወጣ።

«የፀሐይ መሞቂያዬን ሳትጠይቂኝ ወሰድሽ» አሉ። «ጥላ ውስጥ አስቀመጥሽኝ። መቀመጫዬን ሳትመልሺ ቃሌን አላነሳም።»

እውነት ነው። ደጃፉ ላይ የጠዋት ፀሐይ የሚያርፍበት አንድ ቦታ ነበር፤ አቶ ይርዳው ስንት ዘመን ጀርባቸውን ያሞቁበት። ዘርፌ የጫጩት ቤቱን የሠራችው እዚያ ላይ ነው። ጫጩትም ሙቀት ይወዳል ብላ። አልጠየቀቻቸውም። እሳቸውም እስከ ዛሬ አልተናገሩም፤ በርጩማቸውን አንስተው ወደ ጥላው ሄዱ እንጂ።

ሽማግሌው ቃላቸውን አላነሳም አሉ፣ ቀኑ አልነቃነቅም አለ፣ መታወቂያው አልወለድም አለ፣ መልእክተኛው ጥያቄ አላደርስም አለ፣ ሰርቨሩ መልስ አልሰጥም አለ፣ አፑ ኮድ አላሳይም አለ፣ ተመቸ ካርቶን አላወርድም አለ፣ ጫጩቶቹም መኪናው ላይ ተንጫጩ። ተመቸስ? ተመቸ እጁን እየታጠበ ነው።

አሁን ዘርፌ ምን ታድርግ? ቤቱን ታፍርሰው? ቤቱ ከፈረሰ ጫጩቱ የት ይገባል? ብታለቅስ ጊዜ የለም። ብትሟገት ሽማግሌ በሙግት አይረታም።

ጎንበስ ብላ ይቅር ይበሉኝ አለች። ከዚያ እጃቸውን ይዛ አስነሳቻቸው፣ በርጩማውን በሌላ እጇ አነሳች፣ ዞራ ወሰደቻቸው። የጫጩት ቤቱ በር አጠገብ፣ ፀሐይ ግድግዳውን የምትመታበት ቦታ ላይ በርጩማውን አኖረች። ግድግዳው ከውጭ በፀሐይ፣ ከውስጥ በከሰል ሞቋል።

«ከዛሬ ጀምሮ ቦታዎ እዚህ ነው» አለቻቸው። «ደግሞ ለጌጥ አይደለም። የነዚህ ፍጥረቶች ክትባት በቀን ቁጥር ነው፤ ቀኑ ያለፈ እንደሆነ ሁሉም አንድ ላይ ይረግፋሉ። ስልኩ እንደሆነ አይተውታል፣ ማንም ያዘዘውን ነው የሚለው። እኔ ቀን የሚቆጥርልኝ ሰው እፈልጋለሁ፣ አባባ።»

አቶ ይርዳው ቁጭ አሉ። ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ ሞከሩት። ትንሽ ወደ ግራ አሉ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ አሉ። ጋቢያቸውን ከጆሯቸው ላይ አወረዱ። ከመንገዱ በኩል የመኪና ሞተር ሲነሳ ተሰማ።

«በሞቴ ያልኩትን አንስቻለሁ» አሉ። «ንኪው።»

ዘርፌ እየሮጠች ነካችው። ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ እንደተቆረጠ ገመድ ወደ ኋላ ተፈናጠረ። ሽማግሌው ቃላቸውን አነሱ፣ ቀኑ ተነቃነቀ። ቀኑ ተነቃነቀ፣ መታወቂያው ተወለደ። መታወቂያው ተወለደ፣ መልእክተኛው ጥያቄ አደረሰ። መልእክተኛው ጥያቄ አደረሰ፣ ሰርቨሩ መልስ ሰጠ። ሰርቨሩ መልስ ሰጠ፣ አፑ ኮድ አሳየ። ኮዱ ሲወጣ ዘርፌ መንገዱ መሃል ደርሳለች፤ መኪናው ፊት ለፊት ቆማ ስልኩን በሁለት እጇ ወደ መስታወቱ ከፍ አደረገችው፣ እንደ ታቦት።

ተመቸ አየ። ሞተሩን አጠፋ። ከበሩ ወረደ። ተመቸ ካርቶን አወረደ!

አንድ ካርቶን በሱ ትከሻ፣ አንድ ካርቶን በሷ ራስ፣ የቀረውን ምግብ ቤቱ በር ላይ ኔትወርክ ነው ብሎ የፈረደው ሰው ሁሉ ተሸከመ። ከመንገዱ እስከ ደጃፏ ሰልፍ ሆነ። ሴቶች እልል አሉ፣ ሙሽራ የገባ ነው የሚመስለው። ማህደር ስልኩ አልተዘጋም ነበርና ከአዲስ አበባ ሆና እልልታውን ሰማች፤ ቢሮዋ ውስጥ ያለ ሰው ምን እንደሚያስቃት ቢጠይቃት ደጀን ላይ መታወቂያ ተወለደ አለችው። ዘርፌ የጫጩት ቤቱን በር ከፈተች። ካርቶኑ ተፈታ። ቢጫው ሁሉ ሰጋቱራው ላይ ፈሰሰ፣ ወደ ሙቀቱ ተንደረደረ፣ ቤቱ ሞላ። ዘርፌ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች። ፊቷ ከማብራቱ የተነሣ በደጀን ገበያ ቀን ግርግር መሃል እንኳ ከሩቅ ይታይ ነበር።

አቶ ይርዳው በርጩማቸው ላይ ናቸው። አንዷን ጫጩት መዳፋቸው ላይ አድርገው አገላብጠው ያያሉ። ተመቸ መሄጃው ደርሶ ነበር፤ ነገር ግን ሳይነካካቸው መሄድ አልሆነለትም። አባባ፣ የነዚህን ዕድሜ እንግዲህ በየትኛው ነው የሚቆጥሩት፣ በኛ ነው በፈረንጁ አላቸው።

ሽማግሌው ቀና ብለው እንኳ አላዩትም።

«የአንድ ቀን ጫጩት በማንም አቆጣጠር የአንድ ቀን ነው» አሉ። «ይልቅ ውሃ አቅርቡላቸው።»